ኖር የማይባልበት ደረጃ

መካነ ሰላም ያለው ቤታችን አንድ ጎኑ ክብ ነበር። አባቴ ደሴ ላይ ያዩትን ባለ ፎቅ ቤት አገራቸው ላይ ለመሥራት ተመኝተው ግንበኛ ሲቀጥሩ፣ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ክብ ቤት ብቻ መሆኑን አልጠየቁም። ሌሎቹን ማዕዘኖች እንደምንም አወጣቸው። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን እጁ ወደለመደው ዞረ። አባቴ ከገበያ መንገድ ተመልሰው ቀና ብለው ሲያዩ ግድግዳው አልቆ ጣሪያ እየጠበቀ ነበር። ይፍረስ ቢሉ ግንበኛው የሚቀየም መሰላቸውና ዝም አሉ። ደረጃውም ያንን ክብ ግድግዳ ተከትሎ እየዞረ የሚወጣ ሆኖ ቀረ። ከታች ሱቃችን፣ ከላይ መኖሪያችን ነበር።

ይሉኝታ የቤታችን በሽታ ነው የምለው ለዚህ ነው። ሰው እንዳይቀየም ተብሎ ጠማማ ሆኖ በቀረ ቤት ውስጥ አደግሁ። እኔ ራሴ በሽታው ብዙም አልያዘኝም፤ ምላሴ ወደ እናቴ ነው የሄደው። ባሌን ፈትቼ ወደ አባቴ ቤት ስመለስ እናቴ ሞታ ስለነበር ሱቁን እኔ ያዝኩት። ጨው፣ ላምባ፣ ክርና አቡጀዲ እሸጥ ነበር። በዱቤ ወስዶ የጠፋውን ሰው መንገድ ላይ አስቁሜ የምናገር ሴት ስለሆንኩ፣ ከተማው ፊት ለፊት «እትየ» እያለ ከኋላዬ በሌላ ስም ይጠራኝ ነበር። ስሙን አውቀዋለሁ፣ እዚህ ግን አልጽፈውም።

የማወራው ዝናብ ስለቀረበት፣ ቀጥሎም ንጉሡ ስለወረዱበት ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ የአባቴ ዐይን ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር። ብርሃንን ከጨለማ ይለያሉ እንጂ ሰው ከሰው አይለዩም። ደሴ ድረስ ሄደው ሐኪሙ የሚደረግ ነገር እንደሌለ ሲነግራቸው «አልሐምዱሊላህ፣ እስከዛሬ ያየሁትም ይበቃኛል» ብለው ተመለሱ። ዐይናቸውን እንዲህ በቀላሉ የተዉ ሰው አንድ ነገር ግን አልተዉም፤ መስጊዳቸውን። መስጊዱ ከደጃችን ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ከበራፋችን ከወጡ በኋላ በትራቸው ይመራቸዋል፣ የአህያ ነጂው ያሳልፋቸዋል፣ ችግር የለም። ችግሩ ደረጃው ነበር። መደገፊያ የለው፤ መጠምዘዣው ላይ ደግሞ የእግር መርገጫው ርብራብ በግድግዳው በኩል ሰፊ፣ በወዲህ በኩል የእግር ጣት የማይዝ ጠባብ ነው።

አንድ ቀን ለዙህር፣ ለቀትሩ ሰላት፣ ሲወርዱ እግራቸው ባዶውን ረገጠ። ሱቅ ሆኜ ድምፁን ሰምቼ ስሮጥ ከታች ተዘርግተው ወለሉን በእጃቸው እየዳበሱ አገኘኋቸው። «የት ነው የተመቱት?» ብዬ ስጮህ «ሰው ሳይገባ ጥምጥሜን ፈልጊልኝ» አሉኝ። ጥምጥሙ ቀድሟቸው በር ድረስ ተንከባሎ ነበር። ሳቄም እንባዬም ባንድ ላይ መጣ።

ከዚያ ወዲያ ዘመድ ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዱ ከታች ከጨውና ከላምባው ጋር መኝታ ይዘርጋላቸው አለ፤ ሌላው ሰው እጃቸውን ይዞ ያውርዳቸው አለ። አባቴ ሁለቱንም እምቢ አሉ። «እንደ ሕፃን እጄን ተይዤ መስጊድ ከምገባ እዚሁ ብሰግድ ይሻለኛል» ብለው ከላይ ቀሩ። መጀመሪያ ኩርፊያ መስሎኝ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ሰውየው ከእጄ እየወጡ መሆኑን አየሁ። ምግብ ቀነሱ። ጢማቸውን መከርከም ተዉ። የጤፍ ዋጋ ሳይጠይቁ ውለው የማያውቁት ነጋዴ፣ ገበያ ውዬ ስመጣ ዞር ብለውም አይጠይቁኝ ጀመር። አባቴ በገዛ እግራቸው ካልወረዱ እዚያው ፎቅ ላይ እንደሚያልቁ ገባኝ፤ ፈራሁም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለራሴ ሌላ ነገር አልተመኘሁም፤ አባቴ ማንም ሳይነካቸው ደረጃውን ወርደው መስጊድ እንዲገቡ ብቻ ነበር የምፈልገው።

የደረጃ መደገፊያ ይሠራ ብዬ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ያኔ ግን ይህን ማንሳት ያሳፍር ነበር። በልጉ ቀርቶ ክረምቱም ተከትሎት ቀርቷል። ከዐባይ በኩል ከቆላው የሚወጣውም፣ ከደጋው የሚወርደውም ሰው በከተማችን አልፎ ወደ አቀስታ፣ ከአቀስታ ወደ ደሴ ይጎርፋል። ያልቻለው ከሱቆቻችን ጥላ ሥር ይቀመጣል። ንፍሮ በበርሜል እየቀቀልን እናድል ነበር፤ በርሜሉ ሲያልቅ ሰዉ አያልቅም። በዚህ መሀል ለደረጃ እንጨት ማስጠረብ! አንዲት ጎረቤቴ «እናንተ ቤት ጥጋብ አለ መሰለኝ» አለችኝ። ንፍሮዬን ማደል ቀጠልኩ።

አባቴም እምቢ ብለው ነበር። ሐሳባቸውን ያስቀየራቸው አንድ አናጢ ነው። ይህ ሰው የዚሁ የወሎ ቦረና ገጠር ሰው፣ ክርስቲያን፣ በሞፈርና ቀንበር ጠራቢነቱ የታወቀ ነበር። በሬው ካለቀ በኋላ ግን ሞፈር የሚያስጠርብ ከየት ይምጣ? መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ገበያ ለገበያ ሲንከራተት ያየው ሁሉ የልጆቹን መራብ ያውቃል፤ እህል ቢሰጡት ግን የማይቀበል ኩሩ ነው። አባቴ ይህን ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና «እንግዲያስ ያንችን መደገፊያ ይሥራ፤ በእህል እንከፍለዋለን። ሥራው ቶሎ ባያልቅም አትቆጭው» አሉ። ያ የቤታችን ይሉኝታ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ።

አናጢው መጣና ደረጃውን ከታች እስከ ላይ ወጥቶ ወርዶ፣ ግድግዳውን እንደ በሬ ጎን መታ መታ አደረገው።

«ሸህየ፣ ይችማ ለኔ ጨዋታ ናት» አለ። «ሞፈር የጠረበ እጅ ዘንግ ያቅተዋል?»

«ዘንግ አይደለም እኮ» አልኩት።

«አንች ልጅ፣ አንች ሱቅሽን ጠብቂ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንነታረክ ኖርን። ወሬኛ ነው፤ ወሬውም ሁሉ ስለራሱ ነው። ግን ሥራውን መቼም አልክድም። የጭቃ ግድግዳ ሚስማር ስለማይዝ፣ ግድግዳውን በመዶሻ እያንኳኳ በውስጡ የቆሙትን ምሰሶዎች በድምፃቸው አገኛቸው። ምሰሶዎቹን በመሮ በስቶ ከወይራ የተጠረቡ አጫጭር ክንዶች ሰካባቸው። መደገፊያው የሚያርፈው በነዚህ ክንዶች ላይ ነበር።

መጀመሪያ ቀጥ ቀጥ ያሉ አጠናዎች ልጎ ጫፍ ለጫፍ ገጠማቸው። ለሚያይ ሰው ያምራል። አባቴ እጃቸውን አሳርፈው ወደ ታች ሲሄዱ ግን መጋጠሚያው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «እዚህ ላይ መንገዱ አለቀ» አሉ። እንጨቱ በድንገት ሲታጠፍ ለሚዳብስ እጅ ያለቀ ይመስላል፤ ቀጣዩን ለማግኘት እጃቸውን አንስተው አየሩን መፈለግ ሊኖርባቸው ነው። እጃቸውን ካነሱ ደግሞ መደገፊያው ምን ሊጠቅም! አናጢው እየተነጫነጨ አወረደው።

ቀጥሎ ከዘራ በሚቆለመምበት መንገድ ልሥራው አለ። እርጥብ እንጨት ትኩስ አመድ ውስጥ ቀብሮ፣ ሲለሰልስ አውጥቶ፣ በችካሎች መካከል አጥፎ አሰረው። የመጀመሪያው ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ታዘዘለት። የግድግዳውን ዙሪያ በከሰል መሬት ላይ ስሎ እንጨቱን ቢያስተኛበት ልክክ አለ። መንደሩን ጠርቶ አሳየ። እኔንም ከሱቅ አስጠርቶ «እስቲ አሁን ተናገሪ» አለኝ። ከዚያ ደረጃው ላይ ሊገጥመው ሲሞክር አንዱ ጫፍ ግድግዳው ላይ አርፎ ሌላው አየር ላይ ቀረ። ያንን ሲያስተካክል ይሄኛው ይነሳል። ገለበጠው፣ አዞረው፣ ረገመው። ነገሩ በኋላ ነው የገባን፤ እንጨቱ ይዞራል እንጂ አይወጣም። መሬት ላይ የተሳለ ክብ ጠፍጣፋ ነው፤ ደረጃው ደግሞ እየዞረ ከፍ ይላል። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ የሚያደርግ እንጨት ነበር የሚያስፈልገን።

«ጠማማው ግድግዳው ነው!» አለ አናጢው ላቡን እየጠረገ።

«የግድግዳውን ጠማማነትማ ለኛ ትነግረናለህ?» አልኩት።

ከላይ ሳቅ ሰማሁ። አባቴ ከላይኛው ርብራብ ላይ ተቀምጠው ሲያዳምጡን ኖረዋል። ከወደቁ ወዲህ ሲስቁ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው፤ ለአናጢው ያዘጋጀሁትን ስድብ ሁሉ ተውኩለት።

በገበያ ቀን እንጨት ፍለጋ አብሬው ወጣሁ። የማገዶ ተራው ያን ጊዜ ለዐይን የሚከብድ ነበር። ዛፍ አልቆ ሰው የቤቱን ማገር፣ የበረቱን በር፣ የሚተኛበትን መደብ ርብራብ ያወጣ ነበር። ከመካከላቸው ሞፈርና እርፍ ተቆልሎ አየን። እርፍ ማለት ገበሬው ሲያርስ በእጁ የሚጨብጠው የማረሻው እጀታ ነው። አናጢው ከክምሩ አንዱን ሞፈር አንስቶ ገለበጠው፤ በጣቱ ወገቡን ዳሰሰው።

«ይኸን የጠረብሁት እኔ ነኝ» አለ።

ሻጩ ሽማግሌ ቀና ብሎ አየውና አወቀው። «አዎ ያንተ ነው» አለው። «በሬ የለ፣ ዘር የለ። አምጥቸ ጣልሁት።»

አናጢው ቁጢጥ ብሎ ክምሩን ለየ፤ የተሰነጠቀውንና የተሰበረውን ወደ አንድ በኩል፣ ደህናውን ወደ ሌላ በኩል። የተሰበረው ለኛ ደረጃ ይሆናል። ደህናውን «ይኸ ገና ያርሳል» ብሎ መጥረቢያ እንደማያሳርፍበት ነገረኝ። ቤት ሄጄ ለአባቴ ስነግራቸው ሁሉንም ግዥ አሉኝ፤ ገዛሁት። ደህና ደህናዎቹ ሱቄ ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው ከረሙ። በኋላ ዝናብ ሲመለስና መሬት ላራሹ ሲባል ባለቤቶቹ አንዳንድ እያሉ እየመጡ ወሰዷቸው። ሳይመጣ የቀረም ነበር።

ለካ ስንፈልገው የኖርነው እንጨት ያ ነበር። እርፍ ሲበቅል ጀምሮ የጎበጠ ነው፤ ጎብጦም ትንሽ ጠምዘዝ ይላል፤ አንዱም ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። አናጢው አጭር አጭር አድርጎ እየቆረጠ የትኛው ከየትኛው ርብራብ በላይ እንደሚሆን ለየ። ጫፎቻቸውን ሰያፍ ጠርቦ እላይ በላይ አጋጠማቸው፤ በእንጨት ሚስማር አሰራቸው፤ ከዚያ መጋጠሚያው እስኪጠፋ በመጥረቢያ፣ በሞረድ፣ በመጨረሻም በጠርሙስ ስባሪ ፋቃቸው። ፈታኙ አባቴ ነበሩ። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሲሆን ርብራቡ ላይ ተቀምጠው ሥራውን በመዳፋቸው ይሄዱበታል።

«እዚህች ጋ ትቆረቁራለች።»

«የት ሸህየ? ምንም የለም።»

«ላንተ አይታይህ ይሆናል እንጂ አለች።»

አናጢው ተቀይሞ ይፍቃል። አባቴ እንደገና ይዳብሳሉ። በዚህ ጭቅጭቅ መሀል ወዳጅ ሆኑ፤ እኔ ከታች ሆኜ ስሰማቸው የጡት ወንድማማች ይመስሉኝ ነበር። አንድ ቀን አባቴ እጃቸው አንድ ቦታ ቆመ። «ይኽችን ማን ነው ያለሰለሳት? ያንተ ሥራ አይመስለኝም» አሉ። አናጢው አየና «ያረሰባት ሰውየ ነው። የመዳፉ ቦታ ናት» አለ። አባቴ አንድ ጊዜ ደግመው ዳብሰዋት «ተዋት እንግዲህ፣ ሞረድ አታስነካት» አሉት። ትልቁን መጋጠሚያ ከዚያች ቦታ ለማራቅ ብሎ የሠራውን አፍርሶ እንደገና ጀመረ። ሥራው ቶሎ ባያልቅ አትቆጭው ተብዬ ነበርና እህሉን ሰፈርኩለት።

ያለቀው ለጁምዓ ነበር። በኑግ ዘይት አሽቼ ወለወልኩት። ወሬው ከተማውን አዳርሶ ስለነበር የአባቴ ወዳጆች የሆኑት ሽማግሎች በማለዳ መጥተው ሱቁ ውስጥ ባለው አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። አናጢው እጁን አጣምሮ የቤቱን ባለቤት መስሎ ቆሟል። አባቴ ነጭ ለብሰው፣ ጢማቸውን ተከርክመው፣ ከላይ ታዩ። እጃቸውን እንጨቱ ላይ አሳረፉ። ወረዱ። እጃቸው አንድም ቦታ ሳይቆም ወደ ታች ተንሸራተተ፣ እግራቸው ተከተለው። መጠምዘዣውን እንደማንኛውም ሰው ዞሩት። እንዲህ ያለ ደስታ በሠርጌ ቀንም አልተሰማኝም።

መጠምዘዣውን ዞረው ለሽማግሎቹ ሲታዩ ሽማግሎቹ ባንድ ላይ ብድግ አሉ።

«ኖር! ኖር!»

«በአላህ! በአላህ አትነሱ!» አሉ አባቴ፣ እንደማንኛውም የተከበረ የወሎ ሰው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው።

ከዚያ ወደቁ።

የቀራቸው ርብራብ ጥቂት ስለነበር ክፉ አደጋ አልነበረም፤ የእጃቸው አንጓ ብቻ ወለም አለ። ሽማግሎቹ ሁሉም ሊያነሱ ተረባርበው እርስ በርስ ተጋጩ። አናጢው በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል መደገፊያውን ይዞ እየነቀነቀ «እንጨቱ ምን አደረገ? ይኸው፣ እንጨቱማ እዚሁ ነው!» ይላል። እውነቱን ነው፤ እንጨቱ ምንም አላደረገም። አባቴ ሰው ሲነሳላቸው እጃቸውን ሳያነሱ መቅረት የማይችሉ ሰውዬ ነበሩ። አናጢው እስከ በሩ ላስረዝመው ብሎኝ ነበር። እስከ አቀስታ ቢያስረዝመውም የሚለቅ እጅ ይለቀዋል።

እንግዲህ ሥራው ወደኔ ዞረ። ሽማግሎቹን ሰብስቤ «ከዛሬ ጀምሮ አባቴ ሲወርዱ ማንም እንዳይነሳ» አልኳቸው። ትልቁ ሽማግሌ በሀዘን አየኝ። «እኛ ተቀምጠን እሱ ቆሞ ሊያልፍ? አንች ልጅ፣ ጤና የለሽም እንዴ?» አለ። ለገበያተኛው ሁሉ ነገርኩ፤ እሺ ይላል፣ አባቴ ሲታዩ ግን ይነሳል። አንድ ቀን «አትነሱ!» ብዬ ብጮህ፣ ተቀምጦ የነበረውም ምን መጣ ብሎ ተነሳ። የአባቷን ክብር የምታስነካ ልጅ ተብዬ መስጊድ ደጃፍ ድረስ ተወራብኝ። ወሬው አላናደደኝም፤ ያናደደኝ ከወሬኞቹ አንዱም ክፉ ሰው አለመሆኑ ነው።

አባቴንም ለመንኳቸው። «አባየ፣ በአፍዎ ብቻ አትነሱ ይበሏቸው። እጅዎን አይልቀቁ።» እሺ አሉ፤ ከልባቸው ነው ያሉት። ግን አግዳሚው ሲንቋቋ ሲሰሙ እጆቻቸው በራሳቸው ይነሳሉ። እንደገና ሊወድቁ ሲሉ በደረቴ ደገፍኳቸው። «ምን ላድርግ ልጄ፣ እጄ እኔን አይጠይቀኝም» አሉኝ።

በመጨረሻ የቀረላቸው የሱብሂ ሰላት ብቻ ሆነ። ሱቅ ሳይከፈት፣ ከታች ሰው ሳይኖር፣ ጎሕ ሲቀድ ለብቻቸው ወርደው መስጊድ ይገባሉ። ያም ነፍስ ዘራባቸው፤ መብላት ጀመሩ፣ የጤፍ ዋጋ ጠየቁኝ። ቀን ቀን ግን ከላይ ናቸው። ለዙህር አዛን ሲባል ከላይኛው ርብራብ ላይ ይቀመጡና አንድ እጃቸውን መደገፊያው ላይ አድርገው ከታች የወዳጆቻቸውን ድምፅ ያዳምጣሉ። ያሰሯቸው የሚወዷቸው ሰዎች ናቸው። ጠላት ቢሆኑ ኖሮ ምላሴ ይበቃቸው ነበር።

በዚህ ላይ ነው አብዮቱ የመጣው። ንጉሡ መውረዳቸውን ሱቃችን ካለው ሬዲዮ ሰማን። ተማሪዎች ከየቦታው መጡ፤ የማውቃቸው ልጆች ጓድ ተባሉ። ከዚያ የትርፍ ቤት አዋጅ ወጣና ከላይ ያለው ለኛ ቀርቶ ከታች ያለው ተወሰደ። ሱቄን ሲያስለቅቁኝ ዕቃዬን እያወጣሁ የማላውቀውን እርግማን ሁሉ ረገምኩ። የቀበሌ ጽሕፈት ቤት አደረጉት፤ ጠረጴዛ ገባ፣ በግድግዳው ዙሪያ ወንበር ተደረደረ። የሚቀመጡበት ወጣቶች የነዚያ ሽማግሎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው፤ ግማሾቹን ከረሜላ እየሰጠሁ ያሳደግኋቸው። ሁሉም መጥፎ ልጆች አልነበሩም። የእርዳታ እህል ሲያድሉ ዐይቻለሁ፤ አሮጊቶችን ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። ግን ለባላባትና ለሸህ መነሳት የድሮ ሥርዓት ርዝራዥ ነው ብለው ተስማምተው ነበርና ለማንም አይነሱም።

አባቴ «ከታች ያለው ማነው?» ብለው ሲጠይቁኝ «መንግሥት» እላቸዋለሁ።

«ብዙ ነው?»

«ይሳላል፣ ይጽፋል፣ ይጨቃጨቃል።»

ከዕለታት አንድ ቀን እንስራዬን ይዤ ከውጭ ስገባ የዙህር አዛን እየተባለ ነበር። ክፍሉ ሰው ሞልቶታል፤ ስብሰባ ቢጤ ይዘዋል። ቀና ስል አባቴ ከላይኛው ርብራብ ላይ ቆመዋል። ለምን ያን ቀን እንደደፈሩ እስካሁን አላውቅም። እንስራውን አስቀመጥኩ። እጃቸው እንጨቱን ይዞ መውረድ ጀመሩ።

ወጣቶቹ አዩዋቸው። ንግግሩ ቆመ። ማንም አልተነሳም። ከኔ አጠገብ የተቀመጠው የዚያ የትልቁ ሽማግሌ የልጅ ልጅ ነበር። ብዕሩን አስቀመጠ፤ ጉልበቱ ተንቀሳቀሰ፤ ከወንበሩ ብድግ ማለት ሲጀምር ትከሻውን በእጄ ያዝኩና ወደ ታች ተጫንኩት። ዞሮ አየኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ተቀመጠ።

አባቴ መጠምዘዣው ላይ ቆመው ጆሯቸውን ወደ ክፍሉ አዘነበሉ። የወንበር ድምፅ ነበር የሚጠብቁት። አልመጣም። እጃቸው ያ ገበሬ ካለሰለሳት ቦታ አልፎ፣ መጨረሻው ጫፍ ድረስ ሄደ፤ እግራቸው ወለሉን ረገጠ።

«ልጄ» አሉ፣ «ሰው የለም እንዴ?»

ያን ሁሉ ሰው በዐይኔ ዞር ብዬ አየሁት።

«የለም አባየ» አልኩ።

አባቴ በትራቸውን ፈልገው ያዙና በወንበሮቹ መካከል አልፈው ወጡ፤ መንገዱን ተሻገሩ፤ በገዛ እግራቸው መስጊድ ገብተው ዙህርን ከሰው ጋር ሰገዱ። የለመንኩት ሆነልኝ። ከደስታዬ የተነሳ እነዚያን ልጆች ልስማቸው ፈለግሁ። በዚያው ቅጽበት ደግሞ በጥፊ ላጠናግራቸው ፈለግሁ። ይህ ከተማ የተነሳላቸው አባቴ በገዛ ቤታቸው ማንም እንደሌለ ሰው አልፈው ወጡ፤ ሊነሳ የፈለገውንም አንድ ልጅ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ። ሁለቱም ስሜት አንዱ አንዱን ሳያሸንፈው እዚያው ቆሜ ጠበቅኋቸው።

ተመለሱ። በሩን በበትራቸው ነካ አድርገው ገቡ፤ የመደገፊያውን ጫፍ አገኙት፤ መውጣት ጀመሩ። ክፍሉ አሁንም ጭጭ ብሏል። መጠምዘዣው ላይ ሲደርሱ ቆሙና ፊታቸውን ወደ ወንበሮቹ መለሱ።

«በአላህ» አሉ፣ ያ የድሮ ለስላሳ ድምፃቸው ነበር፤ «በአላህ፣ አትነሱ ልጆቼ። ተቀመጡ።»

ከኔ በቀር የቆመ ሰው አልነበረም። እጃቸው ግን ከእንጨቱ ላይ አልተነሳችም።